ወባና በቆሎ፦ የቡሬውን ጥናት የምታውቁ አላችሁ?

የሽንዲ ልጅ፦
እንዴት ሰነበታችሁ። መስከረም ጠባና እኛ ቤት ወባ ገባ። እናቴ ታማ ተነሳች፤ አሁን ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ተኝቷል። ጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «በቆሎ ቤታችሁ ሥር ትዘራላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የማይዘራ ማን አለ?» አልኩት። «እንግዲያው ወባዋን የምትቀልቧት እናንተው ናችሁ» አለኝና ተራው ደርሶ ገባ።

ለአባቴ ብነግረው ሳቀ። «በቆሎ እዚህ ቤት ያመጣው ነገር ቢኖር ቆርቆሮ ነው» አለ። እሱም እውነቱን ነው፤ ጣሪያችን የተመታው በበቆሎ ብር ነው።

ስልኬ ላይ ስፈልግ ቡሬ ላይ እንዲህ ያለ ጥናት መደረጉን አየሁ። ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹ አልገባኝም። የደጃችንን ነገር ፈረንጅ አንብቦት እኛ ሳንሰማው ቀረን ማለት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

ግብርና ምሩቅ፦
ወሬ አይደለም ወንድሜ። ሰውዬው ግን በጣም አሳጥሮ ነው የነገረህ። በቆሎ ወባ አያመጣም። በሽታው ከታመመ ሰው ወደ ጤነኛ ሰው ነው የሚሄደው፣ በትንኝ። በቆሎው የሚያደርገው የትንኟን እጭ መመገብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቡሬና አካባቢው ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሃርቫርዱ የነፍሳት ተመራማሪ አንድሩ ስፒልማንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ «ለምን እዚህ? ለምን አሁን?» ብለው ተነሱ። የትንኝ እጭ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር እየለቀመች ነው የምታድገው። በቆሎ ሲያብብ ከጫፉ የሚረግፈው ብናኝ ኩሬ ላይ ሲያርፍ ጥሩ ቀለብ ይሆናታል። ያን የበላች እጭ ቶሎ ትደርሳለች። ሳትሞት ትንኝ የምትሆነውም ብዙ ናት፤ የምትወጣውም ትንኝ ትልቅ ናት። ከበቆሎው ራቅ ባለ ኩሬ ያለችው ግን ብዙውን ጊዜ ቀጭጫ እዚያው ትቀራለች። ይህ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጥቷል።

«በቆሎ ጎጃም ውስጥ ዛሬ መጣ እንዴ?» ትል ይሆናል። አልመጣም። የተለወጠው ዘሩ ነው። የድሮው የአገር ዘር ቀደም ብሎ ነው የሚያብበው፣ ገና ክረምቱ ሲበረታ። ዶፉ ኩሬውን ያጥበዋል፣ እጩንም ይዞ ይወርዳል። ቢኤች 660 የምንለው ምርጥ ዘር ግን ቁመተ ረጅም ነው፣ ለመድረስም ከአምስት ወር በላይ ይፈጅበታል። የሚያብበው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ያኔ ኩሬው ረግቷል፣ ፀሐይ ብቅ ብላለች፣ ትንኟም እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ነው። ብናኙም እጩም እኩል ደረሱ ማለት ነው።

ተጠራጣሪው፦
ቆይ ቆይ። በ1998 ስንት ነገር ነበር! ያን ሰሞን ኤልኒኞ ነበር፣ ዝናቡም ተዛብቶ ነበር። ሙቀት ከፍ ሲል ወባ ወደ ደጋ እንደምትወጣ ሕፃን ያውቀዋል። ለምን በቆሎው ብቻ ይወቀሳል?

ደግሞ የ1951ዱን አስቡት። በእኛ አቆጣጠር ከ1950 ማብቂያ እስከ 1951፣ በፈረንጅ 1958፣ ደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል በወባ ሲያልቅ 660 የት ነበር? ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሞቷል ተብሎ ነው የሚገመተው። ያኔ ምርጥ ዘር የሚባል ነገር አልነበረም።

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ነገ አንዱ የስብሰባ ሰው ይህን ይሰማና «በቆሎ አትዝሩ» ብሎ ይመጣል።

ግብርና ምሩቅ፦
1951ን ማንሳትህ ጥሩ አደረግህ። በቆሎ ባይኖርም ወባ አለች፤ ማንም አልካደም። ጥያቄው መቼ ትባባሳለች ነው።

ትንኟ የታመመ ሰው ደም ስለጠጣች ወዲያው አታስተላልፍም። ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ ማደግ አለበት። ሞቅ ባለ አገር ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ሲበርድ ይዘገያል፤ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ ጭራሽ ማደጉን ያቆማል። ደጋ ላይ ወባ የማይጸናው ለዚህ ነው። አብዛኛዋ ትንኝ ደግሞ ያን ያህል ሳትኖር ትሞታለች። እንግዲህ አስበው፦ ሙቀት ሲጨምር ተውሳኩ ቶሎ ይደርሳል። በደንብ የተመገበች ትልቅ ትንኝ ደግሞ ብዙ ቀን ትኖራለች። ኤልኒኞውና በቆሎው አይጣሉም፤ ተጋግዘው ነው የሚመጡት።

የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካንም ይህን ነገር ተከታትሎታል። በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር ወደ እኛ የመጣ እህል ነው። ለብዙ ዘመን የጓሮ እሸት ሆኖ ኖሮ ባለፉት 30 ዓመታት ገደማ ነው የማሳው ንጉሥ የሆነው። ጠቅላላ የምርት ታሪኩ የሚያኮራ ነው። ማንም ወደኋላ ተመለሱ አላለም።

ኤክስቴንሽኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ጃቢ ጠህናን ቤት ለቤት የምዞር ነኝ። እናንተ ስለ ብናኝ ታወራላችሁ፣ እኔ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ።

በቆሎ ቤት ሥር የሚዘራው ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጓሮው ፍግ ስላለው ነው፣ ያለ ማዳበሪያም ይበቅላል። ራቅ ካደረጉት ደግሞ ጃርትና ጦጣ አይምሩትም፣ እሸት ሲሆን የሰው እጅም አለ። አንዷን እናት «ራቅ አድርጊው» ብላት «አንቺ ትጠብቂልኛለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ኩሬው ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ቤት ሲመረግ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ አይደፈንም። የከብት ኮቴ የረገጠው ረግረግም አለ። የእኛ ወባ ትንኝ ትልቅ ሐይቅ አትፈልግም፤ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ድፍርስ ውሃ ይበቃታል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ውሃው ካልደረቀ ልጆቿ ይበራሉ።

አጎበርም ላንሳ። ብዙ ሰው «ሰዉ አጎበር የማይጠቀመው ስላልገባው ነው» ይላል። እኔ ከሰዉ የምሰማው ትኋን ነው። መጀመሪያ አጎበሩ ሲመጣ ትኋኑ ይሞት ነበር፣ ሰዉ ደስ ብሎት ሰቀለው። አሁን ትኋኑ መድኃኒቱን ለምዶታል። እንዲያውም እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። «አጎበሩ ትኋን አመጣብን» ብለው አውርደው ጭድ የሚያስሩበት አሉ። ይህን ሳይመልሱ ሌላ አጎበር ማምጣት ብቻ አይበቃም።

የሽንዲ ልጅ፣ ወንድምህ ተመርምሯል? የትኛው የወባ ዓይነት ነው የተባለው?

የሽንዲ ልጅ፦
ተመርምሯል እህቴ። ቫይቫክስ ነው አሉት። ክሎሮኪንና ሌላ ትንሽ ክኒን ሰጡት። ትንሿን ለ14 ቀን ነው ያሉት፣ እሱ ግን በአራተኛው ቀን ተሽሎት «በቃኝ» እያለ ነው። ያስቸገረው ሆዱን ነው።

ላብራቶሪው፦
ወንድሜ፣ ክኒኗን እንዳያቆም! ፕሪማኩዊን ናት። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ዘር አለው። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ነው የሚገድለው፣ የተኛውን አይነካም። ካቆመው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ማንም ትንኝ ሳይነድፈው ይነሳበታል። ሰዉ ታዲያ «ወባ ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀኝም» ይላል። ምግብ በልቶ ይዋጣት፣ ሆዱን ቀለል ይለዋል። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ግን ክኒኗን ትቶ ቶሎ ይመለስ፤ አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ በተፈጥሮ የሚጎድል ነገር አለ፣ ለዚያ ሰው አትስማማም። ለነፍሰ ጡርና ለጨቅላ ሕፃንም አትሰጥም።

አሁን እኔን የሚያሳስበኝን ላምጣ። ጤና ኬላ ላይ ጣት ወግተው የሚያዩበት ፈጣን መመርመሪያ አለ አይደል? ብዙዎቹ የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል የጣለ ፋልሲፓረም ኤርትራና ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል። መመርመሪያው «ነፃ ነህ» ይለዋል፣ ሰውየው ታሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ነው መመርመሪያ ወደ መቀየር የተገባው። ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማይክሮስኮፕ አሳዩ።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። ክሎሮኪንን አስታውሱ። ፋልሲፓረም እሱን መልመድ የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ አሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። መድኃኒቱ እስኪቀየር ድረስ አፍሪካ ውስጥ ስንት ሕፃን እንደሞተ ማሰብ ነው። እኛ ኮአርተም የሚባለውን መድኃኒት የጀመርነው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ኮአርተም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር መሠረቱ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከዕፅ ያወጣችው አርቴሚሲኒን ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። አሁን ተውሳኩ ይህንንም በከፊል መቋቋም ጀምሯል። ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ኤርትራ ውስጥ ተረጋግጧል። ኤርትራ ደግሞ ጎረቤታችን ናት እንግዲህ። ስለዚህ ግማሽ ክኒን ተውጦ ግማሹ ለጎረቤት «ለክፉ ቀን» ሲቀመጥ ጉዳዩ የአንድ ቤት አይደለም።

ደጋ ዳሞት፦
እኔ የበቆሎውን ክርክር አላውቅም። የእኛ አገር ደጋ ነው፣ ገብስና ድንች እንጂ በቆሎ ብዙ የለም። ትንኝም አናውቅም። ግን ወባ እናውቃለን። ከየት እንደምናመጣው ደግሞ ሁሉም ያውቃል፦ ከመተማና ከሁመራ።

የሰሊጥ አረም ሲደርስ፣ ከዚያም አጨዳ ሲደርስ ወጣቱ ሁሉ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ነው የምንተኛው። አጎበር? ቀበሌያችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ «ወባ የለባችሁም» ተብሎ አይታደለንም። እዚያ ስንደርስ ደግሞ «የሌላ ወረዳ ሰው ናችሁ» እንባላለን። ባለሀብቱም ስለ እህሉ እንጂ ስለ መኝታችን አይጨነቅም። ታመን ስንመለስ ደጋ ያለው ባለሙያ ወባ ነው ብሎ አይጠረጥርም፣ ብርድ ነው ይላል። አንዳንዱ ካላዛር ይዞ ይመጣል፤ ሆዱ ይነፋል፣ ይከሳል፣ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰዉ ግን ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ጠበል ለጠበል ያዞረዋል። ካልታከመ ይገድላል።

ኤክስቴንሽኗ፦
ወንድሜ እውነትህን ነው፣ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ከቆላ የተመለሰ ሰው ጤና ኬላ ሲገባ ሳይጠየቅም «መተማ ነበርኩ» ብሎ ይናገር። ያቺ አንዲት ቃል ምርመራውን ትለውጠዋለች። ጠበሉንም አይተው፣ ግን ደሙን ያስመርምር።

ከሜሪላንድ፦
ጤና ይስጥልኝ የአገሬ ልጆች። ትውልዴ ደምበጫ ነው፣ አሁን አሜሪካ ነኝ። እዚህ ሰው ወባ ሲባል የአፍሪካ በሽታ ይመስለዋል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ግን በ1946 እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ ሲመሠረት ዋና ሥራው ወባን ማጥፋት ነበር። አትላንታ የተመረጠችውም ደቡቡ ወባ የሚበዛበት ስለነበር ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ወባ ከዚህ ጠፋች ተባለ። ረግረጉ ተፋሰሰ፣ ቤቱ መስኮቱ ላይ ወንፊት ገባለት፣ ዲዲቲ ተረጨ፣ ገበሬውም ኑሮው ተሻሻለ። በ2023 ግን ፍሎሪዳና ቴክሳስ ውስጥ ሰሞኑን ከአገር ያልወጡ ሰዎች በወባ ተያዙ። ትንኟ አሁንም እዚያው አለች ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው በ2023 በዓለም 263 ሚሊዮን ሰው ታሞ 597,000 ያህል ሞቷል። ከዚህ አብዛኛው አፍሪካ ነው፣ ከሟቾቹም አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በዚያው ጊዜ ግን ቻይና በ2021፣ ኬፕ ቬርዴና ግብፅ በ2024 ነፃ ተብለዋል። ስለዚህ ይቻላል። እኛ ጋ ለምን አልሆነም?

ተጠራጣሪው፦
«ለምን አልሆነም» ቀላል ጥያቄ ነው የኔ ወንድም። ግብፅ ወደ መቶ ዓመት ፈጅቶባታል። እኛ ጋ ደግሞ ተጀምሮ ይቆማል። ቀንሶ ነበር፣ መቀነሱን አይቻለሁ። ከዚያ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ፣ 1,157 ሰው ሞተ። ጦርነት ባለበት መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት አይገባም፣ ርጭት አይካሄድም። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ ቆመ። የርጭቱና የአጎበሩ ብር ከውጭ ሲሆን ዋሽንግተን የተፈረመ ወረቀት ሽንዲ ላይ ሰው ያስተኛል። እና በቆሎው ላይ ፍርድ ለመስጠት አትቸኩሉ።

የጣና ዳር፦
እኔ ባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። ስለ አዲሷ ትንኝ ማንም አላነሳም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፣ ከእስያ የመጣች። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ነው። ከዚያ እስከ ባቲ ድረስ ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት እሷ ናት ተብሏል። የኤክስቴንሽኗ እህታችን የምትላት ትንኝ የሜዳ ኩሬ ትወዳለች፤ ይቺኛዋ ግን ሮቶና በርሜል ውስጥ፣ ግንባታ ላይ ባለ የውሃ ገንዳ ውስጥ ነው የምትራባው። በጋም ክረምትም አይላትም። ከተማ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ሁሉም በርሜል ሞልቶ ያስቀምጣል። የማይከደን በርሜል ካለ ሥራዋ ተሠራላት። ይህ ለመላው አፍሪካ ከተሞች የሚያስፈራ ነው፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ወባ የገጠር ናት ተብሎ ነበር የሚታቀደው።

አያ ሸበቶ፦
ልጆች ስታወሩ ሳነብ ዋልኩ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የምታወሩትን ግማሹን አይቼዋለሁ። ከ1951ዱ እልቂት በኋላ የወባ ማጥፊያ ሰዎች መጡ፣ በጀርባቸው ተሸክመው ግድግዳውን እየረጩ። ሰዉ ዕቃ አውጡ ሲሉት ይናደድ ነበር። ግን ረጭተው ሲሄዱ ቁንጫውም ጸጥ ይላል፣ ሰዉ እሱን ብሎ ፈቀደ።

ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ ቤታቸውን አናት ላይ ሠርተው እርሻቸውን ቆላ ያደርጉ ነበር። ቀን ወርደው ያርሳሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወጣሉ። ቆላ ማደር ንዳድ ያመጣል ይሉ ነበር። ትንኝ መሆኗን አያውቁም፣ ማታ ማታ መሆኑን ግን ያውቁ ነበር። ዛሬ ሰው በዛ፣ መሬት ጠበበ፣ ልጆቹ ሁሉ እርሻው ውስጥ ቤት ሠሩ። መንገዱም ትምህርት ቤቱም ቆላ ነው። ማን ተመልሶ ተራራ ይወጣል?

የሽንዲ ልጅ፦
አያ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አባቴን ያስረዳሁት በእርስዎ ቃል ነው፤ ጥናት ስለው አልሰማኝም ነበር፣ ስለ አናቱ ቤት ስነግረው ግን የአያቱ ቤት ፍርስራሽ ያለበትን ኮረብታ አሳየኝ። አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በቆሎ አንተውም። ምን ብናደርግ ይሻላል?

ግብርና ምሩቅ፦
አትተዉም፣ ትክክል ነው። ብናኙ የሚረግፈው ለአንድና ለሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ የሚያሳስበው ጠቅላላ በቆሎው ሳይሆን በዚያ ሰሞን ከኩሬ አጠገብ ያለው ነው። እኔ የምመክረው፣ እንደ ባለሙያም እንደ ገበሬ ልጅም፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ረጅሙን ዘር ከቤት ራቅ ወዳለው ማሳ ውሰዱት። ለጓሮ ቶሎ የሚደርስ ዘር ምረጡ፤ ለእሸትም እሱ ይሻላል። ካልሆነም ጓሮውን በርበሬ አድርጉት። ቡሬና ወንበርማ በበርበሬ የታወቀ አገር አይደለም እንዴ? ጦጣም አይበላባችሁም።

ይህ ወረርሽኝ ያቆማል አልልም። አጎበሩም ርጭቱም ምርመራውም በቦታቸው ናቸው።

ተጠራጣሪው፦
በርበሬው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይህን እደግፋለሁ። ግን ጓሯችን ውሃ ይቋጥራል። አምና ችግኙ ጠውልጎ አለቀ።

ግብርና ምሩቅ፦
በርበሬ ሥሩ ውሃ ላይ ከቆመ ይጠወልጋል፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፣ በመሐል ቦይ አውጡ፣ ቦዩ ደግሞ ዳገቱን ተከትሎ ወደ ታች ይውጣ እንጂ ጓሮው ጫፍ ላይ አይቁም። ለምርጊት የተቆፈረውን ጉድጓድ በዚያው አፈር ድፈኑት። ሰኔ ሳይገባ ነው የሚሠራው፤ ከገባ በኋላ መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ማንም አይነካውም።